ልምድ የለሽም ያሉኝ ሰዎች

«ልምድ የለሽም» ካሉኝ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በነጻ ሊያሠሩኝ ጠሩኝ።

ዛሬ ቴፒ ለቡና ጥራት ሥራ በእንግሊዝኛ ኢንተርቪው ነበረኝ። ዲግሪዬን ተናገርኩ። ከዛ ከአባቴ ጋር እሸት ቡና ስለቅም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳደርቅ እንዳደግኩ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ።

የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ «ደብዳቤ ከሌለው ልምድ አይባልም» ብሎ በአማርኛ አቋረጠኝ። እንግሊዝኛው እሱንም ሳያደክመው አልቀረም።

ከግቢው ሳልወጣ ተከትሎኝ መጣ። ገበሬዎች ጋ ሊሄዱ ነው፤ ሲቪዬ ላይ የጻፍኩትን የገበሬዎቹን ቋንቋ፣ ሸኮኛን፣ የሚችል ግን የላቸውም። «እህቴ፣ እስከ ማታ አስተርጉሚልን፣ ለትብብር ያህል።»

«የልምድ ደብዳቤ ትጽፉልኛላችሁ?» አልኩት።

ሰዓቱን እያየ «መኪናው እየጠበቀን ነው» አለኝ። ትቼው ሄድኩ። ገበሬዎቹን በእንግሊዝኛ ያናግራቸው።

እናንተንስ እንዲህ ያደረጋችሁ አለ? ጻፉልኝ፣ ዛሬ ለሁላችንም የሚበቃ ንዴት አለኝ።