ግርጌ የገባው ሰማያዊ ሸሚዝ

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብችል ኖሮ ከአሮጊቷ ጋር አንተዋወቅም ነበር።

ዲቪ የደረሳት ሚስቴ ናት፤ እኔ የመጣሁት እንደ ሻንጣዋ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የተከራየነው አፓርትመንት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ነበረው። ሚስቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሺፍት ገብታለች፤ እኔ ገና ሥራ አላገኘሁም። እስቲ ልርዳት ብዬ ሳህኑን ደረደርኩና በእጅ ሲታጠብ የሚደረገውን ፈሳሽ ሳሙና ግማሽ ጠርሙስ ገለበጥኩበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አረፋው ከማሽኑ ወጥቶ ወለሉን ሸፈነው። በፎጣ ብጠርገው፣ በአንሶላ ብጠርገው፣ እየባሰ ሄደ። ታች ቤት ያሉት አሮጊት ጣሪያቸው ሲያንጠባጥብ በነጠላ ጫማ ወጥተው በሩን ደበደቡ። ስድብ ጠብቄ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቴ አረፋ ውስጥ ቆሜ ሲያዩኝ ግን ግድግዳውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ የምታጥበው ሳህኑን ነው ወይስ ቤቱን?»

ከዚያ ዓይናቸው ጥግ ላይ ያስቀመጥኩት የልብስ ስፌት መኪና ላይ አረፈ። ሳቁም ቆመ።

ሰፈርተኛው «ማማ» ይላቸዋል፤ እኔም ማማ አልኳቸው። በጆሮዬ በለቀምኳት እንግሊዝኛ እንግባባለን። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከደቡብ የመጡ። ባላቸው ዕድሜውን ሁሉ ኦክላንድ ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ ሞቷል። በሳምንቱ የሰውዬውን ሸሚዞች በካርቶን ይዘው መጡ። ኩዊልት እንድሰፋላቸው ፈለጉ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ጥጥ ገብቶበት የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። በፊት ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ቁርጥማት ጣታቸውን ቆልምሞታል። በጋው ሲያልቅ ሳን ሆዜ ልጃቸው ጋ ስለሚገቡ ይዘውት ሊሄዱ ነው።

«ሌላ ሸሚዝ የለኝም። ያለው ይሄው ነው» አሉኝ። አንድ ወረቀት ጨመሩልኝ። «የምፈልገውን እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።»

በዚያ ጣት ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው እንጃ። ራሴን ነቀነቅኩና ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ሚስቴ ማታ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ድሪቶ! ሰው ድሪቶ ለመስፋት አሜሪካ ድረስ ይመጣል?» አልፈርድባትም። በእኛ አገር ቁራጭ በቁራጭ ላይ የሚደርተው የቸገረው ነው። ልብስ ሰፊ ድሪቶ ሲሰፋ ከታየ ደግሞ ገበያው አለቀ ማለት ነው።

«በል ወረቀቱን አምጣና ላንብብልህ» አለችኝ ኋላ።

«ጨርቅ መቁረጥ ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እሺ የኔ ጌታ፣ እንደፈቀደህ።»

ወረቀቱን የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥጋብ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

እኔ ስፌት የተማርኩት በገመድ ነው። አለቃዬም ፊደል አልቆጠረም። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ለትከሻ፣ አንድ ለወገብ፣ አንድ ለእጅጌ ይቋጠራል፤ የእያንዳንዱ ደንበኛ ገመድ በምስማር ይሰቀላል። ገመዱን ሳይ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ሠርቼ አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ አልመለሰብኝም። የአሜሪካ ሜትር ደግሞ በኢንች ነው፤ ሩብ፣ ስምንተኛ የሚባል ጣጣ አለው። ስለዚህ ከአገር ካመጣሁት ገመድ ቆርጬ ሁለት ቋጠሮ አሰርኩበት፤ የአንዱ ካሬ ወርድ እሱ ሆነ። ሰባት መስመር፣ በየመስመሩ ሰባት ካሬ።

በዚያው ሰሞን ኒውአርክ በምትባል ቅርብ ከተማ አንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁ። እዚያም የካርቶኖቹን ጽሑፍ እንደ ጥልፍ በመልኩ ነበር የምለየው። ስመለስ ስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከወደቡ የባቡር ጩኸት ይመጣል፤ ከታች የማማ ሬዲዮና የሚጋግሩት የስኳር ድንች ሽታ ይወጣል። በሕይወቴ ብዙ ደስታ አላየሁም። ያንን ግን አይቻለሁ፤ አልክድም።

አራት መስመር ጨረስኩ። ገመዱ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ እንዳለ ሚስቴ ሱሪውን አጥባ ልብስ ማድረቂያው፣ ድራየር ውስጥ ከተተችው። ገመዱ ግትር ብሎ ወጣ። ሰው ይዋሻል፤ ገመድ ይዋሻል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በእሱው ለክቼ የቀረውን ሃያ አንድ ካሬ ቆረጥኩ። አምስተኛውን መስመር ከአራተኛው ጋር ላጋጥም ስል በአራት ጣት አጠረ። ገመዱ ድራየሩ ውስጥ ተኮማትሮ ኖሯል። አንዱ ካሬ የጥፍር ያህል ቢያንስ ነው፤ ሰባቱ ሲደመሩ ጉድ ሆኑ። ካርቶኑን ገለበጥኩት። የቀረው ኮሌታና ቁልፍ ብቻ ነበር።

ሚስቴ ከሥራ ስትገባ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። «ድራየር ውስጥ ምን ከተትሽ?» አልኳት።

«ሱሪህን ነዋ! ሜትሩን ኪሱ ውስጥ የሚረሳ ልብስ ሰፊ የት አገር አለ?»

እውነቷን ነው። ወርጄ ለማማ አጠረ አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ወረቀቱን አንብበኸዋል?»

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ።»

ትንሽ አዩኝ። «እንግዲያው እንደሚሆን አድርገው» አሉ።

ጋቢዬን ቀደድኩ። ነጩን በቀጭን በቀጭን ቆርጬ ባጠሩት ሦስት መስመሮች ካሬዎች መካከል አስገባሁና ወርዱን ሞላሁት። ሚስቴ ጋቢው ሲቀደድ አይታ ፊቷን አዞረች፤ ያን ቀን ድሪቶ አላለችም። አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፤ ክርኑ የተበላ፣ የዘይት ጠብታ ያለበት። ደህና ካሬ የወጣው አንድ ብቻ ነው። የነተበ ጨርቅ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ይገባል፤ የሙያ ደንብ ነው። ግርጌ፣ ጥጉ ላይ አደረግኩት።

ሳስረክባቸው አልጋቸው ላይ ዘረጉት። እጃቸው መሃሉ ላይ ቆየ። ከዚያ ካሬ በካሬ እየዳሰሱ ወረዱ፤ ግርጌ ሲደርሱ ቆሙ። ስፌቴን የሚመረምሩ መስሎኝ ኮራሁ።

«እጅህ አይጉደል» የሚባለው ዓይነት ምርቃት በራሳቸው ቋንቋ መረቁኝ። በወሩ ሳን ሆዜ ሄዱ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አርባውን አልፌ። አማርኛውን ሚስቴ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እየሳቀችብኝ፣ እንግሊዝኛውን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ እሑድ መርፌ ልቀይር መሳቢያውን ስከፍት ወረቀቱን አገኘሁት። ጣቴን ከቃሉ ስር እያስኬድኩ አነበብኩ። ስለ ስፌቱ ጥቂት ነገር ነበር፤ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሰማያዊውን መሃል ላይ አድርገው። ወደቡ ላይ የወደቀ ቀን ለብሶት የነበረው እሱን ነው።»

«ኮል አድርግላቸው» አለችኝ ሚስቴ።

«ይሄ በስልክ አይባልም።»

በባቡር ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ሄድኩ። መቀሴንና መርፌዬን ይዣለሁ። ማማ አልጋ ላይ ናቸው፤ ኩዊልቱን ለብሰውታል። ሰላምታውን እንደጨረስኩ ወረቀቱን አውጥቼ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው።

«ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር» አልኳቸው።

«አንብቤዋለሁ ስትለኝ ነው ያወቅኩት። ያነበበ ሰው ስለ ሰማያዊው ሳያነሳ አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

መቀሱን አወጣሁ፤ ሰማያዊውን ፈትቼ ወደ መሃል ላመጣው። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ኩዊልቱን ያዙብኝ።

«ተው። በሕይወቱ እያለም እግሬን ሲያሞቅልኝ ነው የኖረው። እዚያው ይተኛ።»

እውነታቸውን ይሁን ለእኔ አዝነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። መቀሱን መለስኩት። የሰማያዊው አንድ ጠርዝ ግን ላልቶ ነበር። ግርጌ ተቀመጥኩና በእጄ አጠበቅኩት። ማማ ከኔ ወረቀቱን ተቀብለው ራስጌያቸው አኖሩት።