በጉበን የተለካ ቀሚስ

ጥር 13፣ ጎህ ሲቀድ፤ መካነ ብርሃን

ማኪናችን መካነ ብርሃንን ለቆ ዳገቱን ሲይዝ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። የምሄደው ጎንደር ነው፤ ጉዳዬም ቀሚስ መግዛት። እሑድ ልጄን ጌታነህን እድራለሁ።

የኛን አገር ጥሎሽ ለማያውቅ ልንገር። ለሙሽራዋ የገዛኸው ልብስ በዳሱ መሀል፣ በሕዝብ ፊት፣ አንድ በአንድ ከፍ ተደርጎ ይታያል። የሙሽራዋ ወገን ይዳስሰዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሽሟጥጠዋል። የወንድሜ ጥሎሽ ሻሽ ቀዳዳ ነበረበት፤ ወንድሜ ከሞተ ቆየ፣ ሻሹ ግን ዛሬም ይወራል። በዚህ ላይ የአሁኗ ሙሽራ አክስት ወይዘሮ ጥሩዬ ናት። አገሩ ሁሉ ምላሷን ይፈራል።

ባለቤቴ ብርቄ «ከጥምቀት በፊት ሄደህ ግዛ» ብላ ጎትጉታኝ ነበር። እምቢ አልሁ። ለጥምቀት ሁሉም አዲስ ልብስ ሲሻማ ነጋዴ አንገቱን ያቀናል። በማግስቱ ግን ያልተሸጠው ልብስ ባለቤቱን ትክ ብሎ ያየዋል። እኔ በግ ሻጭ ነኝና ይህን አውቃለሁ፤ የፋሲካ በግ ለዳግም ትንሣኤ ሌላ በግ ነው።

«ካጣህስ?» አለችኝ።

«አላጣም።»

«ካጣህ እሑድ አንተን ከፍ አድርገን እናሳያለን።»

ልጄ ደግሞ «ሙሽራዋን ይዘን እንሂድና ራሷ ትለካ» አለኝ። ጥሎሿን አስቀድማ ያየች ሙሽራ ምኑን ሙሽራ ሆነች? ይህንም እምቢ አልሁ። ብርቄ ለገና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከልጅቱ ጎን ቆማ በዓይኗ ለካቻት። ልጅቱ የብርቄን ጆሮ ታክላለች። እቤት ስንገባ ብርቄን ከረጅሙ ዱላዬ አጠገብ አቆምሁና በጆሮዋ ልክ ዱላውን በቢላዋ ጫር አደረግሁት። ልኩን በእጄ ይዣለሁ ማለት ነው።

ረዳቱ ግን በእጄ እንድይዘው አልፈቀደም። «አያ፣ ዱላ ወደ ላይ! ዓይን ታወጣላችሁ!» አለና የሁላችንን ዱላ ሰብስቦ ከጣራው ላይ ከበጎቹ ጋር አሰረው።

ረፋድ፤ ደባርቅ

የቧሂት ተራራ ብርድ አጥንት ይገባል። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ጋቢዬን ወተፍሁበት። ከጎኔ የተቀመጠው አያ መለሰ የሚባል የመካነ ብርሃን ሰው ነው፤ በግ ሊሸጥ ደባርቅ ይወርዳል። ከመንገዱ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጢጥ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠጉራቸው እስከ ወገባቸው ወርዷል።

«ይህን ካባ ማን ገዛላቸው?» አለ አያ መለሰ።

«በቅናሽ ነው የገዙት» አልሁት።

ደባርቅ ደርሰን ማኪና ቀየርን። ረዳቱ ዱላውን ከጣራው እየወረወረ ያወርዳል፤ ሰው እየተጋፋ ያነሣል። እኔም ከአያ መለሰ ጋር ተጋፍቼ አነሣሁ። ሻይና ዳቦ ቀምሼ በሚኒባስ ጉዞ ቀጠልሁ። ከደባርቅ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። የገብስ ነዶ፣ የበቅሎ መንገድ፣ ደጀ ሰላም ላይ የተኛ ሰው፤ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ። አስፋልቱ ሸጋ ነው። ሾፌሩ ግን አስፋልቱን ያገኘው ለመብረር ነው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ገባሁ። ያደርሁት አዘዞ፣ ከእህቴ ልጅ ከሙሉ ቤት ነው። ሙሉ ጎንደሬ ሆናለች።

«አጎቴ፣ የበዓል ባዛሩ ገና አልተነሣም፤ ሁሉ ነገር በግማሽ ዋጋ ነው» አለችኝ። ግማሽ ሲሉኝ ሙሉውን መጠየቅ ልማዴ ነው። ጥያቄውን ግን ለጠዋት አቆየሁት።

ጥር 14፣ ጠዋት፤ ባዛሩ

ድንኳን በድንኳን ነው። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ባለ ብዙ ቀለም አምፑል በቀን ይበራል። ሙሉ ወዲያው አንድ ቀሚስ አስወረደች። ነጭ ነው፣ ጥለቱ ወርቅማ፣ ከሩቅ ያበራል። ዋጋው በወረቀት ተጽፏል፤ ስድስት ሺህ የሚለው ተሰርዞ ከሥሩ ሦስት ሺህ ይላል።

«ስድስት ሺህ ማን ገዛው?» አልሁ ሻጯን።

«ማለት?»

«በስድስት ሺህ የገዛ አንድ ሰው ንገሪኝ።»

ልጅቱ ሳቀች። «እስካሁን እንኳ የወሰደው የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዋጋው ስድስት ሺህ አልነበረም። ስድስት ሺህ ምኞታችሁ ነው።»

ሙሉ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ከቀሚሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጫንሁት። የጥጥ ልብስ ውኃ ይጠጣል። ይህ አልጠጣም፤ እርጥበቱ እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ቆመ።

«ናይለን ነው» አልሁ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ያምር የለም ወይ?» አለች ሙሉ።

የኛ አገር ምሽት የሚያልፈው እሳት ዳር ነው። ናይለን ፍንጣሪ ሲነካው እንደ ሰም ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ሦስት ሺህ ከፍዬ ምራቴን አላቃጥልም። ጥለን ወጣን። ሙሉ እስከ መንገዱ ድረስ አኮረፈች።

ቀትር፤ ቅዳሜ ገበያ

ከዚህ በኋላ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሄድን። ብዙ ሱቅ ገብቼ ወጣሁ። በመጨረሻ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ቁጭ አልሁ። እኩያዬ ናቸው፤ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ ሸማ ነጋዴ።

«ምነው ዛሬ መጡ? ለጥምቀት ዋዜማ ሰው ሱቄን ሊያፈርሰው ነበር» አሉኝ።

«ስለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት።»

ሳቁ። «እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎ። ከተሰፋው ሸጋ ሸጋው ሄዷል።»

የቀረው በር ላይ የተሰቀለው ነው። ጥሩ የፈትል ቀሚስ ነው፣ ዋጋውም ወርዷል። ብገለብጠው ጀርባው ነጭ፣ ፊቱ ግን ብጫ።

«ፀሐይ በላው። አቧራ ቢሆን ይታጠብ ነበር፤ ፀሐይ አይታጠብም» አሉ ሐጂ ሳልጠይቃቸው።

ወይዘሮ ጥሩዬ ይህን በዳሱ መሀል ስትዘረጋው ታየኝ። ብርቄ ልክ ነበረች፤ ዘግይቻለሁ። ይህን ግን ለሙሉ አልነገርኋትም።

«ያልተሰፋ ሸማ ግን አለኝ» አሉ ሐጂ፤ ከመደርደሪያው አውርደው ዘረጉት። ከጫፉ ክር መዘው ክብሪት ጫሩበት። ክሩ ነዶ አመድ ሆነ፤ አልተንጠባጠበም። «ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ድሩ የፋብሪካ። ድሩም ማጉም የእጅ ነው ያለዎት ካለ ዋሽቶዎታል።»

ክፉውን ሳይደብቅ የሚነግር ነጋዴ ሳገኝ ብዙ አልከራከርም። ጥቂት ግን ተከራከርሁ። ከባዛሩ ዋጋ በላይ ከፈልሁ፤ ከጥምቀት በፊት ይጠየቅ ከነበረው ግን በጣም ያነሰ።

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። የስፌት ማኪናው ላይ ተደግፎ ያዛጋል። «በዋዜማው ቢመጡ ቀና ብዬም አላይዎት ነበር፣ አያ። ዛሬ ግን እስከ ማታ አደርስልዎታለሁ። ቁመቷን ብቻ ይንገሩኝ።»

ዱላዬን በኩራት አቆምሁ። ምልክቱን ፈለግሁ፤ የለም። አዞርሁት፤ የለም። ዱላው ወይራ ነው፣ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ግን የእኔ አይደለም! የእኔን አያ መለሰ ከደባርቅ ይዞት ሄዶ መሆን አለበት፤ የሰውየው ስልክ የለኝም።

ወደ ብርቄ አስደወልሁ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።

«ልጅቱ እስከ ምን ነበረች?» አልሁ።

«እስከ ጆሮዬ! ዱላው ላይ ጭረህ የለም ወይ?»

«ዱላው ጠፋ። ያንቺ ጆሮ እስከ ምን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ዘመን አብረኸኝ ኖረህ ቁመቴን አታውቀውም?» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ሰፊው ይጠብቃል፣ ሙሉ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የቤታችንን በር አሰብሁ። ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ማለት ስረሳ ግንባሬን ይመታኛል። ብርቄ ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት ሻሿ በጉበኑ ተያዘና ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዲያው ብርቄ እስከ ግንባሬ ናት። ጆሮዋ ከዚያ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል።

«እዚህ ላይ ለካ» አልሁና ፊቴ ላይ አሳየሁት።

ሰፊው ሜትሩን ከአፍንጫዬ አጠገብ እስከ መሬት ለቀቀው። «ሙሽራዋ ወፍራም ናት ቀጭን?»

«ዳገት የምትወጣ ናት።»

«ገባኝ» አለ።

ሐጂ ከሱቃቸው ሆነው «ልጄ፣ ከሥር ተወት አድርግለት! ረጅም ይታጠፋል፤ አጭር ምን ይደረጋል?» አሉት።

ጥር 15፣ ማታ፤ ቤት

ያንኑ መንገድ ቀሚሱን ጉያዬ ይዤ ተመለስሁ። አያ መለሰ አጠያይቆ፣ ቀድሞኝ ዱላዬን ቤቴ አድርሷል፤ የራሱን ሊወስድ ቁጭ ብሎ ጠላ ይጠጣል። ብርቄ ቀሚሱን ከዱላው ጋር አስተያየችው። ሰፊው ከተወው እጥፋት ሌላ፣ ጭረቱ ለሚያሳየው ቁመት በአራት ጣት ይረዝማል።

«ዱላው ነው የተሳሳተው» አልሁ።

ብርቄ ከዱላው አጠገብ ቆመች። ጭረቱ ከጆሮዋ ልክ ነው። አያ መለሰ ወደ ጠላው አጎነበሰ።

«በምን ለካኸኝ?» አለችኝ።

«በጉበኑ። ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ ሻሽሽ ተይዞ አልነበረም?»

ቀሚሱን ጭኗ ላይ አደረገች። «እሱማ ያኔ ነው» አለችና መርፌ ፈለገች።

እሑድ፤ ከሙሽራዋ አገር

ዳሱ ሞልቷል። ወይዘሮ ጥሩዬ ቀሚሱን ተቀብላ ከፍ አደረገችው። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጫነችው፤ ጠጣ። ገለበጠችው። ከሥሩ እጥፉን አገኘች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ጮክ ብላ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እጥፉን በጣቶቿ ለካች፣ ደግማ ለካች። «ጨርቅ አልሰሰቱም» አለች። ከዚያ የሙሽራ ወገን መሆኗ ትዝ ሲላት፣ «ጥለቱ ግን ጠበብ ብሏል!» አለችና ዳሱ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ። ልጅቱ ለብሳው ስትወጣ ጫፉ የእግሯን ጣቶች ብቻ ያሳያል።

እቤታችን ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ብርቄ ቀደመችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ቀና እንዳለች አለፈች፤ ሻሿ ጉበኑን አልነካውም፤ በመሀሉ አራት ጣት ይገባል። መቼ እንዲህ እንዳጠረች አላውቅም። እሷን ሳይ ጎንበስ ማለት ረሳሁና ግንባሬን መታኝ።