በእኔ ምክንያት «ዜይ» የት እንዳሉ የተፈለገበት መንገድ

በመጀመሪያ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ከሶዌቶ እስከ ካትሌሆንግ ባለነው ሐበሾች መካከል በድምፅ መልእክት የሚዞረውን ወሬ ላርም። አልታሰርኩም። መኪናችን ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ ተቀምጦ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የገባው ግን በገዛ ፈቃዱ ነው።

ዛሬ ጠዋት የዓይኔን ሞራ ለማስገፈፍ ቀጠሮ ነበረኝ። በኮሮና ምክንያት ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ቀጠሮ ነው። ከሁለት ሰዓት ካለፍኩ ተራዬ ለሌላ ይሰጣል። የሚወስደኝ ጎረቤቴ ተመስገን ነው፤ ጻካኔ ሰፈር ሱቅ አለው። ሚስቱም ልትመጣ ለብሳ ነበር። ሆስፒታሉ «በወረርሽኙ ምክንያት አስታማሚ አንድ ብቻ» ስላለ ቤት ቀረች።

መንገዱ ተጨናንቆ ቆመ። የቀኙ መስመር ባዶ መሆኑ ለእኔም ዓይን ይታያል።

«ምልክቱ ምን ይላል?» አልኩት።

«ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ለጫነ ብቻ ይላል» አለና... ገባበት።

«ተመስገን፣ ስንት ነን?»

«እማማ፣ ለዓይንዎ ብዬ ነው።»

ይህ ለጥያቄዬ መልስ አይደለም።

ብዙም ሳንሄድ ትራፊኩ አስቆመን። ስንት ሰው እንደያዘ ጠየቀው። ተመስገን በእንግሊዝኛ መለሰ። «እናቴን ነው የያዝኩት። ዜይ አር ሲክ። ዜይ አር ኢን ዘ ባክ።» «እርሳቸው» ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «እነሱ» ሆነ።

ትራፊኩ እኔን አየ። ከመቀመጫው ሥር አየ። «ዜይ የት አሉ?»

«እኚሁና!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ትራፊኩ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አስከፈተ። ሁለት ጆንያ ሽንኩርት...

«'ሺ' በል እንጂ! አንድ ነኝ!» አልኩ በአማርኛ።

«እማማ፣ እርስዎን 'ሺ' ከምል ብቀጣ ይሻለኛል!»

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። «እኔ ነጠላ ቁጥር ነኝ» አልኩት በተማርኩት እንግሊዝኛ። ብዙ የሆንኩት በአክብሮት መሆኑን፣ ሦስተኛዋን ያስቀረብን የሆስፒታሉ ሕግ መሆኑን አስረዳሁት። «ቢሆንም በዚያኛው መስመር የቆሙትም ቀጠሮ አላቸው። ቅጣን፤ ወደ ሰልፉም መልሰን።»

ተመስገን ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ትራፊኩ ሳቀ። «ጎጎ» አለኝ፤ በዙሉ አያቴ ማለት ነው። «እኛም አያታችንን ስንሰላም 'ሳኒቦናኒ' ነው የምንለው፤ ለአንድ ሰው በብዙ። ምልክቱ ግን ዙሉ አይችልም።» ሰዓቱን አየ። ከዚያ የፊቱን በር ከፍቶ ገባና ቀበቶውን አሰረ። «የሚተካኝ ተረኛ መጥቷል፤ የእኔም መንገድ ወደ ሆስፒታሉ በኩል ነው። አሁን ሦስት ነን። ንዳ።»

እየሄድን የቅጣት ወረቀት ጻፈልን... እሱ ከመግባቱ በፊት ለነዳነው መንገድ። ትክክል ነው አልኩ። በቆመው መስመር ያሉት አንገታቸውን አስግገው ያዩናል፤ ከእኛ ሰዎች አንዷ ስልኳን አወጣች። ወሬው ከዚያ ነው የተነሣው።

ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ሞራው ተገፎልኝ ዓይኔ ስለተሸፈነ፣ ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦ መሸፈኛውን ማስነሣት፤ ስንመለስ ተመስገንን በዚያ ምልክት አጠገብ ቀስ በል ማለት፤ ሦስት ይበል ሁለት፣ ራሴ ማንበብ። እስካሁን ያነበቡልኝ ሁለት ወንዶች ናቸው።