የማንም ያልሆነው ሾላ

አያ ጓንጉል በእኛ መንደር፣ በሰቆጣ ዳርቻ፣ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚዳኙት በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነበር። በአንድ ወቅት ጎረቤታችን ወንዳወቅ «ሾላው ያለው በእኔ ድንበር ነው» ብሎ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ድንበሩ የእሱ ነበር። አያ ጓንጉል ግን «የዳኝነት ዛፍ የማንም አይሆንም» ብለው ፈረዱና ዳግመኛ «የእኔ ነው» እንዳይል አስማሉት። ወንዳወቅም ምሎ፣ ተመርቆ ሄደ።

ዘንድሮ መንደራችን ወደ ከተማው ተካለለ። የከተማው መሐንዲስ መጣና አዲሱ መንገድ በሾላው ላይ እንደሚያልፍ ነገረን።

«እኛን ሳትጠይቁ?» አሉ አያ ጓንጉል በቁጣ።

«አባቴ፣ ባለይዞታ የሌለውን መሬት የማስተዳደር ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ለከተማው ነው» አለ መሐንዲሱ። «ባለይዞታ ካለ ግን ቅሬታውን ያቅርብ፤ ፕላኑ እንደገና ይታያል። ሾላው የማን ነው?»

ጉድ እኮ ነው! ለወሬ የማያንስ መንደር ሁሉ ዞሮ ወንዳወቅን አየ። አያ ጓንጉል የወንዳወቅን ክንድ ያዙና «የእኔ ነው በል፣ ልጄ» አሉት።

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ፊት ምያለሁ እኮ፣ አያ። እንዴት ብዬ መሐላ ላፍርስ?»

ሾላው በሳምንቱ ተቆረጠ። አያ ጓንጉል አሁን ለሽምግልና ሲጠሩ «እግሬን አሞኛል» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ቃሉን እንዲጠብቅ ሲለምኑ ኖረው፣ አንድ ቀን ብቻ ቃሉን የሚያፈርስ ሰው ፈለጉ፤ አጡ።