በር በክርን ሲለካ

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ሰፈር ውስጥ ቤት ሲሠራ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በበሩ መሀል ይቆሙ ነበር። ክርናቸው መቃኑን ከነካ፣ «አስፉት፤ በር የሚለካው በሙሽራ አይደለም፣ በጀናዛ፣ በሚወጣው ሬሳ ነው» ይላሉ።

ከጅዳ ተመልሼ መካነ ሰላም ላይ የብሎኬት ቤት ሳሠራ፣ ለእሳቸው ባዘጋጀሁት ክፍል በር ላይም ቆሙ። ክርናቸው ነካ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የጭቃ ቤት አይደለም፤ ኮለን አለው፣ ቢም አለው፣ ሶሌታ አለው» አልኳቸው። ግንበኛው ሳቀ።

«ስሙስ ያምራል፤ አላህ ያሳምረው» ብለው እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ።

ባለፈው ሳምንት ወደ አኼራ ሄዱ። ቃሬዛው በዚያ በር አልገባ አለ። ወንዶቹ ከነከፈናቸው አቅፈው ሲያወጧቸው ጠባቡ ኮሪደር አላዞር ስላላቸው፣ እንደ ቆመ ሰው ቀጥ አድርገው አሳለፏቸው። ለቀስተኛው ሁሉ አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት ግንበኛው ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናኝ መጣ። ባዶ ክፍላቸው በር ላይ ሲደርስ፣ ሳያስበው እጆቹን ወገቡ ላይ አደረገ። ክርኑ መቃኑን ነካ።

ቀና ብለን አልተያየንም።