የአውራ ጣት ወርድ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «ገባ በሉ» ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከሥራ ፋይሏ በቀር የሚያውቀው የለም። ገጽ አቀናባሪ ናት፤ መጀመሪያ ከቀለጠ እርሳስ በተሠራ ፊደል፣ በኋላ በኮምፒውተር፣ በሥራው ሠላሳ ዓመት ሞላት። ቅጽል ስሙንም ያመጣችው ራሷ ናት። አዲስ አንቀጽ ሲጀመር የመጀመሪያዋ መስመር ከዳር ገባ ካላለች ደሟ ይፈላል። «ገባ በሉ እንጂ! አንባቢው በምን ይወቀው? በሕልሙ?» ትላለች።

ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ያውም በዱላ። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳሱን ፊደል አንድ በአንድ እያነሣ የሚደረድር። ከአንቀጹ ፊት ባዶዋን የእርሳስ ቁራጭ ማስገባት ከረሳች የብረት ማስመሪያውን አንስቶ ጣቷን ይላታል። «የአውራ ጣትሽን ወርድ ያህል! አንዱ ነገር አልቆ ሌላው ሲጀምር በር ይከፈትለታል፤ ሰው በግድግዳ አይገባም!» እያለቀሰች ትለቅማለች። ጥሩ አባት ነበር አልላችሁም፤ ሥራውን ግን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰሞን ገበያው ውስጥ ጠብ ተነሣ። በመደብ ቦታ የተጀመረው ስድብ ወደ ዱላ፣ ዱላው ወደ ብረት ዞረና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ እዚያው ሞተ። ወሬው ገበያውን አናወጠው፤ አንዱ እገሌ ነው ሲል ሌላው እገሌ ነው ይላል። የገበያው ኮሚቴ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ፣ ያዩ ሰዎች የተናገሩትን አሳትሞ ሊያድል ወሰነ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅም እሷ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

ወንድሟ እዚያ ውስጥ ነበረበት። ታናሿ ነው፤ አዝላ ያሳደገችው፣ ገበያው ውስጥ ዕቃ ተሸክሞ የሚያድር። ስለ እሱ የሚናገረው አንቀጽ «ተሸካሚው ሊገላግል ጠቡ ወዳለበት ሮጦ ገባ» ብሎ ያልቃል። ቀጣዩ አንቀጽ «በያዘው ብረት ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታው» ይላል። ከዚህ ፊት የገዳዩ ስም ተጽፎ ነበር፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው በአንዲት ቀጭን መስመር የሰረዘው። ገዳዩ ሸሽቷል፤ ፖሊስም ስሙን ይዟል። ቤቱ የቀሩት ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ናቸው። ስሙ ከወጣ የሟች ወንድሞች ማን ደጅ እንደሚሄዱ ማንም አያጣውም።

የማተሚያ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ግን የሚያሳስበው ወረቀት ነበር። «ይሄን ሁሉ ክፍት ቦታ አጥፊልኝ፤ በአሥራ ስድስት ገጽ ይለቅ» አላት። ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከፋይሉ ራስ፣ መስመሯ ምን ያህል ገባ እንደምትል የምትወስን አንዲት ትእዛዝ አለች። እዚያ ዜሮ ከተጻፈ የመጽሐፉ አንቀጽ ሁሉ ዳር ላይ ይለጠፋል።

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አለችው።

ስቴፕለሩን አንስቶ ወረወረባት። ቅንድቧ ተተረተረ። ቢሮው ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፤ ስድስቱም ስክሪናቸው ላይ አቀረቀሩ፤ አፈር ይብሉ!

ደሟን በመዳፏ ጠርጋ ዜሮ ጻፈች። በዜሮ ሲሠራ ታዲያ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የአንቀጹ የመጨረሻ መስመር እስከ ዳር ሞልቶ እንዳያልቅ ማየት ነው። ከሞላ፣ ቀጣዩ አንቀጽ የት እንደሚጀምር ምልክት የለም፤ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላሳለፈችውን ነገር ያን ቀን አሳለፈችው። እልህ ምላጭ ያስውጣል አይደል? «እንዳልክ! ይውጣልህ!» ብላ አንዴም ሳታርም ወደ ማተሚያው ላከችው።

መጽሐፉ በማግስቱ ጠዋት ገበያ ላይ ታደለ። ረፋዱ ላይ ጎረቤቷ እያለከለከች ማተሚያ ቤት ገባች። «ኧረ ድረሺ! ወንድምሽን ሊጨርሱት ነው! ሮጦ ገባ፣ በያዘው ብረት መታው ይላል አሉ መጽሐፉ!»

ገጹን ገለጠችው። «ሮጦ ገባ» የሚለው እስከ ዳር ሞልቶ አልቋል፤ ከሥሩ «በያዘው ብረት» ዳር ላይ ተለጥፏል። በገዛ እጇ ወንድሟን ነፍሰ ገዳይ አድርጋዋለች። ረቂቁን ከመሳቢያ መንጭቃ፣ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ሮጠች።

ከገበያው ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ አገኘችው። የሟች ወንድሞች ሦስት ናቸው። መካከለኛው ፀጉሩን ጨብጦ ፊቱን ከሲሚንቶው ያላትመዋል፤ ታናሽየው ጎኑን በጫማው ይደበድባል። አንድ ጆሮው ተቀዷል፤ ጥርሶቹ መሬት ላይ ናቸው። ታላቅየው ብረት ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

«ተዉት! ጥፋቱ የኔ ነው! ሁለት አንቀጽ ነው!»

«ምን ትላለች ይቺ ሴትዮ?»

ረቂቁን ሣጥን ላይ ዘረጋችው። ከመዘርጋቷ በፊት ግን የቀኝ አውራ ጣቷን የተሰረዘው ስም ላይ ጫነች። «እይ፤ የወንድሜ ነገር እዚህ ጋ አለቀ። ይቺ ገባ ያለችው መስመር ሌላ ሰው ናት። ያጣበቅኋቸው እኔ ነኝ፤ ከፈለግህ እኔን ግደለኝ!»

ታላቅየው የታተመውንና የተጻፈውን እያፈራረቀ አነበበ። «ልቀቁት» አላቸው። ከዚያ ጣቷን አየ።

«አንሺ።»

«አላነሳም።»

«ስም አለ ከሥሩ። አንሺ ብያለሁ!»

«ልጆች አሉ እዚያ ቤት።»

«የኛስ ወንድም ልጆች የሉትም?»

እውነቱን ነው፤ እሷ ግን ጣቷን አጥብቃ ጫነች። ብረቱን አነሣ። ፈራች፤ ሽንቷ አመለጣት፤ እሱንም አትደብቀውም። የመጀመሪያው ምት ጥፍሯን ገነጠለው። «እናቴ ድረሽልኝ!» ብላ ጮኸች፤ አላነሣችም። በሁለተኛው አጥንቱ ቋ አለ። በሦስተኛው ደሙ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ፤ ቀለሙንም ይዞት ሄደ። ታላቅየው ወረቀቱን መንጭቆ ወደ ብርሃኑ ቢያዞረው ስም የነበረበት ቦታ ቀይ ብቻ ሆኗል። ብረቱን ወርውሮ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወንድሟ ከመሬት ቀና ብሎ ደም በሞላው አፉ፣ «እትዬ፣ የተደበደብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት። እየሳቀች አለቀሰች።

ገዳዩ ከወር በኋላ ተያዘ። ሦስቱ ወንድማማቾችም ታሰሩ። ወንድሟ በአንድ ጆሮው ቀረ። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ቦታ የምትሰጠውን ረጅሟን ቁልፍ ዛሬም በግራ አውራ ጣቷ ነው የምትመታው። የኮሚቴውን መጽሐፍ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ እንደገና ስትሠራው ሥራ አስኪያጁ ስለ ገጽ ብዛት ትንፍሽ አላለም።

ታላቅየው በሁለተኛው ዓመት ከእስር ወጣ። አንድ ቀን ማተሚያ ቤት መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት አኖረ። የሟች ወንድሙ መታሰቢያ ጽሑፍ ነው፤ ራሱ በእጁ ጽፎታል። እያንዳንዱ አንቀጽ ገባ ብሎ ይጀምራል።

«የጣት ወርድ ያህል ተውኩ» አላት።

ይቅር አላለችውም። እሱም አልጠየቃትም። የተጣመመውን አውራ ጣቷን የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ላይ አስቀመጠች፤ ቦታው ለጣቷ አልበቃም።

«አብጦ ነው የቀረው፤ ከዚህ ሰፋ ይላል» አለችው። በዚያው በጣቷ ልክ ሠራችለት።