ጤነኛው ድምፅ

እኔ የምጫወተው ሜታል የሚባለውን የሮክ ሙዚቃ ነው፤ ከሜታልም በጣም ፈጣኑንና የሚጮኸውን። ጉለሌ ውስጥ ይህን የሚጫወት ሌላ ሰው ካለ እስካሁን አልተገናኘንም። ጊታሩን ማንም አላስተማረኝም። ጩኸቱንም ጉሮሮዬን ሳላቆስል ከሆዴ ማውጣት እስክችል ድረስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የተለማመድኩት። እናቴ በሩን እያንኳኳች «ሳሉ ባሰብህ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት የየአገሩን ባንዶች በአንድ ካሴት የሚያወጣ አንድ የውጭ አሳታሚ ከእኛም አንድ ዘፈን ጠየቀ። እኛ ማለት እኔና ድራም መቺው ጓደኛዬ ነን። እሱ ድራም የተማረው ቸርች ውስጥ ነው፤ እሁድ ለመዘምራን ይመታል፣ በሌላው ቀን ለእኔ። ሐዋሳ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ ስላገኘ ከመሄዱ በፊት ዘፈኑ መቀረጽ ነበረበት። ዘፈኑ አባቴ ከመሞቱ በፊት ጳውሎስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ ስለጠበቅንበት ቀን ነው።

ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር መዝሙር የሚቀርጹ አንድ የታወቁ ሰው አሉ። እሳቸው ጋ ገባን። ጓደኛዬ አንድ ምት አልሳተም። እኔ ከጩኸቱ በፊት ግጥሙን በተራ ድምፄ አስቀረጽኩ፤ እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚጀምር እንዲመራኝ ብቻ ነው። ይህኛው በኋላ ከዘፈኑ ላይ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። «ገባኝ» አሉ።

ጓደኛዬ ሐዋሳ ከገባ በኋላ ዘፈኑን ልወስድ ሄድኩ።

«ና ስማ! ለፍቼበታለሁ» ብለው ከፈቱልኝ።

ጊታሩ ለስልሶ ክራር መስሏል። ድራሙ ዝግ ብሏል። በጩኸቱ ቦታ ያ ተራ ድምፄ፣ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሰው እያስተጋባ ይዘፍናል።

«ጋሼ፣ ጩኸቱስ?»

«የታመምክበትን ነው? አወጣሁልህ! ጤነኛ ድምፅ እያለህ ያንን ምን ልታደርገው ነው?»

«ዘፈኑ እኮ እሱ ነበር።»

ሳቁ። «እሱማ ስቱዲዮ ሳይሆን ጸበል ነው የሚፈልገው። ድራም መቺው ልጅም ቸኩሎ ነበር፣ አረጋጋሁት። የጊታሩንም ስንጥቅጥቅ አጸዳሁት።»

«እሺ፣ ጥሬውን ቅጂ ይስጡኝ፤ እኔው አስተካክለዋለሁ።»

«ጥሬውንማ አጠፋሁት። ሥራው ሲያልቅ ሁሌም አጠፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ይሞላብኛል።»

የሠሩትን በፍላሽ ተቀብዬ ወጣሁ። የሚያናድደው ደግሞ ሰውየው ከልባቸው ነው የደከሙት።

ሐዋሳ ላለው ጓደኛዬ ደውዬ አሰማሁት።

«ይሄንንማ ሠርግ ላይ እመታዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር «ሙሉውን እንደዚህ አደረጉት?» አለ።

«ሙሉውን። እንደገና እንድንቀርጸው መቼ ትመጣለህ?»

«እንጃ ባክህ፤ ኮንትራት ፈርሜያለሁ።»

ቤት ገብቼ ምን ምን እንደተነካ ለመለየት እንደገና ከፈትኩት። እናቴ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስኪያልቅ አዳመጠች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ተራችን ደረሰ ወይ› እያለ አባትህ ሲጠይቅ... ይህን ሁሉ ታስታውሳለህ?»

ግጥሙን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ይበልጥ ተናደድኩ። ያ ኮሪደር እንዲህ አልነበረም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ እየተነሳ፣ ስማችን ሳይጠራ ሲቀር መልሰን እየተቀመጥን፣ አባቴ ትንፋሽ እያጠረው ነው የዋልነው። ማንም ረጋ ብሎ አልጠበቀም።

«ለውጭዎቹ ሰዎች ላክላቸው» አለችኝ።

ለአሳታሚው ዘፈኑ እንዳልደረሰ ጻፍኩለት። መጠበቅ እንደማይችል፣ ካሴቱ ያለ እኛ እንደሚወጣ መለሰልኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እናቴ «ወደዱት?» አለች።

«አልላክሁትም።»

«ምነው?»

«እንደዚያ አልነበረማ፣ እማዬ።»

ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች።

«አልነበረም» አለች። ከዚያ ስልኳን አቀበለችኝ። «ቢሆንም እዚህ ላይ ጫንልኝ።»

ጫንኩላት።